ከፊንጫ እስከ ሆለታ፦ መብራቱ ለምን ይሄዳል?

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉን የተሸከመው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አልፎ ሆለታ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ለሚጓዝ ሰው ሆለታ መንገዱ ላይ ናት። የጊንጪ፣ የአምቦ፣ የጉደርና የጌዶ ሰው «ይህን ያህል ኃይል ካለን መብራት ለምን ይሄዳል?» ብሎ ቢጠይቅ ታዲያ አይፈረድበትም።

ውሃ ያጠረበት ጊዜ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ዝቅ ብሎ፣ 476 ሜጋ ዋት ጎድሎ፣ አገሩ በፈረቃ ሰንብቷል። ፈረቃ ግን አስቀድሞ ይነገራል፤ ሰው እንጀራውን ጋግሮ፣ እህሉን አስፈጭቶ ይጠብቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይነገር፣ በሰከንዶች ውስጥ መላውን የኃይል መረብ የሚጥለው ብልሽት ነው።

የአገሪቱ ማመንጫዎች ሁሉ በአንድ መረብ ተሳስረው አንድ ምት ይጠብቃሉ፤ በሰከንድ 50 ዑደት። የሚመነጨውና የሚበላው ኃይል በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት። ትልቅ ማመንጫ ድንገት ከወጣ ምቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ መከላከያ መሣሪያዎች ከተሞችን ከመስመር እያወጡ ጭነቱን ያቀላሉ። ካልደረሱበት የቀሩት ማመንጫዎችም እንዳይጎዱ ተራ በተራ ይወጣሉ፤ መረቡም ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረው የፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ ዛሬ እስከ 134 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ኃይሉም በጌዶ በኩል ወደ ገፈርሳ ይሄዳል። ከሕዳሴው ትልልቅ ተርባይኖች አንዱ ብቻውን 400 ሜጋ ዋት ነው። እርሱ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ድንገት ቢቆም ሦስት ፊንጫ በአንድ ጊዜ እንደ መጥፋት ነው። ግድቡን ለማንኳሰስ አይደለም፤ የአገር ኩራት ነው። ግን ማመንጫው ሲገዝፍ መጠባበቂያውና ተለዋጭ መስመሩ አብረው ካልገዘፉ የአንዱ ብልሽት የሁሉም ይሆናል።

መነሻው ደግሞ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ የገባው ኦሃዮ ውስጥ የረገቡ መስመሮች ዛፍ ስለነኩ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉም የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ስለተበላሸ ነበር። የአምቦን መንገድ የሚያውቅ ሰው የባሕር ዛፉን ብዛት ያውቃል። ከመስመር ሥር ያለውን ዛፍ ክረምት ሳይገባ መመንጠር እንደ ተራ ጽዳት መታየቱ ይቆጨኛል። ከማማ ላይ ብረት እየፈቱ የሚሸጡ ሌቦችም አሉ፤ አንድ ማማ ሲወድቅ የሚጎዳው ወረዳው ብቻ አይደለም።

መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ የውሃ ፓምፕ ይቆማል፣ ወፍጮ ቤቱ ይዘጋል፣ ጄኔሬተር የሌለው ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣው ያሰጋዋል። ገበያው ወደ ቴሌብርና ወደ ባንክ መተግበሪያ ገብቷልና የስልክ ማማው ባትሪ ሲያልቅ ሻጭና ገዢ መክፈያ ያጣሉ።

አምቦና ጎረቤቶቿ ያሉበት ምዕራብ ሸዋ ግን ዕድል አለው። የውሃ ማመንጫ መረቡ ከወደቀ በኋላ በጥቂት ኃይል መነሳት ይችላል፤ ፊንጫና ጎረቤቱ የአመርቲ ነሼ ማመንጫም ለእነዚህ ከተሞች ቅርብ ናቸው። ዋናው መረብ ሲወድቅ ሁለቱ ከጌዶ እስከ አምቦ ያለውን ጭነት ለብቻቸው ይዘው እንዲቆዩ ማዘጋጀት በምህንድስና የታወቀ ዘዴ ነው። መቆጣጠሪያና መከላከያ መሣሪያ፣ የተመጠነ ጭነት፣ ከሁሉም በላይ ተደጋጋሚ ልምምድ ይፈልጋል። ሆስፒታልና የውሃ ፓምፕ ቅድሚያ ቢያገኙ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ማስረዳት ነው። ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. አብዛኛው ኬንያ ሲጨልም የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኬንያ ፓወር ምክንያቱን በቁጥር ተናገረ፦ ሱስዋ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ 288 ሜጋ ዋት የተሸከመው የሎያንጋላኒ መስመር ወጣ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣውም 200 ሜጋ ዋት ተከተለው። በእኛም አገር ዋና መስመሮቹን የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም፣ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም ለአምቦ ሰው እንዲህ ሊናገሩት ይገባል፤ የትኛው መስመር፣ ስንት ሜጋ ዋት፣ በምን ምክንያት፣ ዳግም እንዳይሆን ምን እንደተደረገ። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም ይህን ግዴታ አድርጎ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲወጣ ማዘዝ አለበት።