ስለ ኖርዌይ ቋንቋ ጥምር ቃላት

ሕዝብ ለአዲስ ነገር ስም ሲያስፈልገው ወይ ከባዕድ ይዋሳል፤ ወይ በእጁ ያሉትን ቃላት አጋጥሞ አንድ ያደርጋል። የኖርዌይ ሰዎች በሁለተኛው መንገድ እጅግ ይጠቀማሉ። ቃላቸውን በትክክል ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም የቃሉ ባለቤት የትኛው እንደ ሆነ፥ ቃሉ ከየት እንደሚከፈል፥ ድምፁም በየት ላይ እንደሚነሣ ነው።

፩፤ ስለ አሠራሩ። እኛ «ቤተ መንግሥት» ስንል ባለቤቱ «ቤት» ይቀድማል፥ ዘርፉ «መንግሥት» ይከተላል፤ ይህ የግዕዝ ሥርዓት ነው። «ትምህርት ቤት» ስንል ግን ዘርፉ ቀድሞ ባለቤቱ ይከተላል። የኖርዌይ ጥምር ስም ይህን ሁለተኛውን ይመስላል። «ስኩለ» ትምህርት ቤት፥ «ባርን» ልጅ ማለት ነው። «ስኩለባርን» ቢሉ የትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ «ባርነስኩለ» ቢሉ ግን የልጆች ትምህርት ቤት ነው። ቃላቱ እነዚያው ሲሆኑ ቦታቸው ስለ ተለወጠ ነገሩ ተለወጠ። የቃሉን ጾታ የሚወስነውም የኋለኛው ነው።

በመጋጠሚያው ላይ አንዳንድ ጊዜ ምንም አይጨመርም፤ አንዳንድ ጊዜ «ስ» ይገባል፤ «አርባይድ» ሥራ፥ «ሩም» ክፍል ሲሆን፥ የሥራ ክፍል «አርባይድስሩም» ይባላል። አንዳንድ ጊዜም «ባርን» «ባርነ» እንደ ሆነ ሳድሱ ወደ ግዕዝ ይመለሳል። ይህ «ቤት» «ቤተ» እንደሚሆን ይመስላል፤ ነገር ግን በግዕዝ ለውጡ የሚያርፈው በባለቤቱ ላይ ሲሆን፥ በኖርዌይ የሚያርፈው በዘርፉ ላይ ነው። ይህን ያልለየ አንባቢ ትርጓሜውን ይገለብጠዋል።

፪፤ ስለ አከፋፈሉ። መስመር ሲያልቅ ጥምር ቃል የሚከፈለው በመጋጠሚያው ነው፤ የገባውም ፊደል ከፊተኛው ጋራ ይቀራል። ስለዚህ «አርባይድስ-ሩም» እንጂ «አርባይድ-ስሩም» አይባልም። «ናት» ሌሊት ማለት ነው፥ በመጨረሻውም ሁለት «ት» ይጻፋል፤ «ቶግ» ባቡር ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ሦስት «ት» ይከታተላሉ፤ ሥርዓቱም ይህን ስለማይፈቅድ አንዱ ይቀራል። ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲከፈል ግን የቀረው ፊደል ተመልሶ ይጻፋል።

፫፤ ስለ ድምፁ። በጥምር ቃል ዋናው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው ላይ ይነሣል፤ በኋለኛው ላይ ለዘብ ይላል። የግዕዝን ንባብ ተነሽና ወዳቂ ለይቶ የተማረ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸግረውም። «ስቱር» ትልቅ፥ «ቲንግ» ጉባኤ ነው፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1814 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የቆመው የኖርዌይ ምክር ቤት «ስቱርቲንግ» ይባላል። ነገር ግን «ቲንግ» ተራ ነገር ማለትም ስለሚሆን፥ አንባቢው «ስቱር ቲንግ» ብሎ ለያይቶ ሁለቱን እኩል ቢያነሣ፥ የሰማው ሰው ምክር ቤቱን ትቶ «ትልቅ ነገር» ብሎ ይረዳዋል።

በጽሕፈትም እንዲሁ ነው። «ላም» በእነርሱ ቋንቋ የበግ ግልገል ነው፤ የእኛን ላም አይምሰለን። «ሎር» ጭን ነው። «ላመሎር» ተጋጥሞ ሲጻፍ የግልገል ጭን ሥጋ ነው፤ «ላመ ሎር» ተለያይቶ ሲጻፍ ግን ሽባ የሆኑ ጭኖች ማለት ነው። ሥጋ ሻጭ በማስታወቂያው ላይ ጥቂት ባዶ ቦታ ቢተው ገዢውን መሳቂያ ነገር ያስነብበዋል። የኖርዌይ መምህራንም ይህን ስሕተት እስከ ዛሬ ያርማሉ።

መምህራን ሆይ፤ «ስኩለባርን»ንና «ባርነስኩለ»ን በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ልጆቹን «ባለቤቱ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ «ቤተ መጻሕፍት»ንና «ትምህርት ቤት»ን ጽፋችሁ ያንኑ ጠይቁ። የሌላውን ሕዝብ ቃል መመርመር የጀመረ ልጅ ከልማድ የተነሣ ሳያስተውል የሚናገረውን የራሱን ቃል መመርመር ይማራል። የትምህርቱም ማሰሪያ ይህ ነው፤ በኖርዌይ ቋንቋ ባለቤቱን ከኋላ ፈልግ፥ ድምፁን ከፊት አንሣ፥ ቃሉን በመጋጠሚያው ክፈል፥ የተጋጠመውንም በጽሕፈት አትለያይ።