የጊታር ማቆሚያና የቅብ ጉዳት

የጊታር ማቆሚያ ጊታር ጥቅም ላይ በማይውልበት ጊዜ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚደግፍ ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜ ከብረት የሚሠራ ሲሆን፣ ጊታሩ የሚያርፍባቸው ቦታዎች በጎማ፣ በፕላስቲክ ወይም በስፖንጅ ይሸፈናሉ። ሽፋኑ የሚደረገው ጊታሩ እንዳይጫር ነው። ይሁንና በአንዳንድ ጊታሮች ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ይኸው ሽፋን ነው።

የጉዳቱ መንስኤ

ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ብቻውን እንደ ውኃ ቧንቧ ግትር ነው። እንዲተጣጠፍ ሲፈለግ የሚያለሰልሱ ኬሚካሎች ይጨመሩበታል፤ ከእነዚህ ዋነኞቹ ፍታሌት የሚባሉት ውሕዶች ናቸው። ኬሚካሎቹ ከፕላስቲኩ ጋር በጽኑ ስለማይተሳሰሩ ቀስ በቀስ እየወጡ ወደነካቸው ነገር ይሸጋገራሉ።

ለዚህ በጣም የተጋለጠው ናይትሮሴሉሎስ ላከር የተባለው ቅብ ነው። ላከሩ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በመኪና ቀለምነት የተስፋፋ ሲሆን፣ ጊብሰን፣ ማርቲንና ፌንደር በጊታሮቻቸው ላይ ተጠቅመውበታል። የሚደርቀው ማሟሟቻው ተንኖ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ አይተሳሰሩም። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ተመልሶ ሊሟሟ ይችላል። ከማቆሚያው የሚወጣው ኬሚካል እንደ ዘገምተኛ ማሟሟቻ ሆኖ ይሠራበታል፦ ቅቡ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ የስፖንጁን ቅርጽ ይይዛል፣ ቀለሙም ይለወጣል። አንዳንዴ ጊታሩ ሲነሣ ቅቡ ከማቆሚያው ጋር ተላቆ ይቀራል። ሙቀት ሂደቱን ያፋጥነዋል።

ፖሊዩሬታንና ፖሊኤስተር ግን ሲደርቁ ሞለኪውሎቻቸው ስለሚተሳሰሩ ይህን በእጅጉ ይቋቋማሉ። ዛሬ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት ጊታሮች አብዛኞቹ በእነዚህ የተቀቡ ናቸው፤ ስለዚህ ውድ ጊታር ያለው ሰው ከጀማሪው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። በእጅ በሚሠሩ ክላሲካል ጊታሮች ላይ የሚገኘው ሼላክ፣ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ በመሆኑ፣ በአልኮል ይሟሟል፤ ሙቀትና ላብም ይጎዱታል።

አመራረጥ

በመጀመሪያ የጊታሩ ቅብ ምን እንደሆነ ከአምራቹ መግለጫ ማጣራት ያስፈልጋል። ናይትሮሴሉሎስ ከሆነ፣ ጊታሩን የሚነካው ቦታ ያልተቀለመ ጥጥ፣ ከሱፍ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ ወይም ቡሽ ቢሆን ይመረጣል። ያለውን ስፖንጅ በጨርቅ መጠቅለል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ኬሚካሉ ስስ ጨርቅን ሊያልፍ ስለሚችል ጨርቁ ወፈር ማለት አለበት፣ አልፎ አልፎም ሊቀየር ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ስፖንጁን አውጥቶ መጣል ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት የጊታሩን ማንገቻ ነው፤ የፕላስቲክ ማንገቻ በጊታሩ ላይ ተጠምጥሞ ከተቀመጠ ተመሳሳይ ጠባሳ ይተዋል።

የማቆሚያው ቅርጽም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአንገቱ የሚያንጠለጥሉት ማቆሚያዎች የአንገቱን ጀርባ ስለሚነኩ፣ ቅብ መመርመር ያለበት ከታች ብቻ አይደለም። እንደ ሌስ ፖል ያሉ የጊብሰን ጊታሮች ራሳቸው ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ፣ በጀርባቸው ሲወድቁ አንገታቸው ከራሱ ሥር በቀላሉ ይሰበራል። ለእነዚህ እግሮቹ ሰፋ ብለው የሚዘረጉና አንገትን የሚይዝ መቆለፊያ ያለው ማቆሚያ ይሻላል።

ጉዳቱ የላይኛውን ገጽ ብቻ ከነካ ባለሙያ አሽቶ ሊያስተካክለው ይችላል። ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን ቦታው እንደገና ይቀባል። አዲስ የናይትሮሴሉሎስ ላከር አሮጌውን በጥቂቱ አሟሙቶ ከእሱ ጋር ስለሚዋሐድ፣ ጥገናው ከፖሊኤስተር ይልቅ በዚህ ቅብ ላይ ይቀላል።