በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የተውሳከ ግሥ ቦታ

ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። በመሰላል የሚወጣ ሰው አንዱን እርከን ቢስት እንደሚወድቅ፥ እንዲሁ አንዲቱን ቃል ከቦታዋ ውጪ የሚያኖር ተናጋሪ የልቡን አሳብ ከአድማጩ ዘንድ ሊያደርስ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በእንግሊዝኛ በተውላጠ ስምና በግሥ መካከል ስለሚገባው ተውሳከ ግሥ ነው። ምሳሌዎቹንም ከቤይሩትና ከአካባቢዋ ኑሮ እንወስዳለን፤ በዚያ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን፥ ይልቁንም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን፥ በየቀኑ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ይኖራሉና።

ቤይሩት የብዙ ቋንቋ ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 የአሜሪካ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በ16 ተማሪዎች የጀመሩት ኮሌጅ በ1920 የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ኢየሱሳውያንም በ1875 የቅዱስ ዮሴፍን ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ አገሪቱን እስከ 1943 በሞግዚትነት አስተዳደረች። ስለዚህ ከመንገድ ዐረብኛ፥ ከሐምራ ሱቆች እንግሊዝኛ፥ ከአሽረፊዬ ቤቶች ፈረንሳይኛ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ሦስቱ በአንድ ንግግር ውስጥ ይቀላቀላሉ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በአማርኛ ማሰሪያው አንቀጽ ከመጨረሻ ስለሚቀመጥ፥ ተውሳከ ግሥ ሁሉ በባለቤቱና በግሡ መካከል በሰላም ይገባል። «እኔ ሁልጊዜ እመጣለሁ»፥ «እኔ ነገ እመጣለሁ»፥ «እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ» ብንል ሦስቱም ትክክል ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ለሦስቱ አንድ ቦታ አይሰጥም። የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ስለዚህ በሦስት ክፍል ለይተን እንያቸው።

አንደኛው ክፍል ድግግሞሽን የሚገልጽ ነው፤ ኦልዌይስ ማለት ሁልጊዜ፥ ኦፍን ማለት ብዙ ጊዜ፥ ኔቨር ማለት ፈጽሞ ነው። እነዚህ በተውላጠ ስሙና በግሡ መካከል ይቆማሉ። «ሺ ኦፍን ጎዝ ቱ ሐሪሳ» ሲል «እርስዋ ብዙ ጊዜ ወደ ሐሪሳ ትሄዳለች» ማለት ነው። በዚህ አማርኛና እንግሊዝኛ ይስማማሉ።

ሁለተኛው ክፍል የተወሰነ ጊዜን የሚያመለክት ነው፤ ቱዴይ ማለት ዛሬ፥ ቱሞሮው ማለት ነገ ነው። ይህ ከመካከል አይገባም፤ ከመጨረሻ ወይም ከመጀመሪያ ይቀመጣል። «አይ ቱሞሮው ካም» ማለት አማርኛውን በእንግሊዝኛ ልብስ ማልበስ ነው፤ ትክክለኛው «አይ ዊል ካም ቱሞሮው» ነው።

ሦስተኛው ክፍል የአሠራርን ሁኔታ የሚገልጽ ነው፤ ኬርፉሊ ማለት በጥንቃቄ፥ ስሎውሊ ማለት በዝግታ ነው። ይህ አዘውትሮ ከተሳቢው በኋላ ይመጣል። «አይ ዎሽ ዘ ግላስስ ኬርፉሊ» ማለት «ብርጭቆዎቹን በጥንቃቄ አጥባለሁ» ነው። ከግሡ በፊት ቢገባ አይከለከልም፤ በግሡና በተሳቢው መካከል ማስገባት ግን ነውር ነው።

ከዚህ ነውር የሚጥለው አንዳንድ ጊዜ ፈረንሳይኛ ነው። በፈረንሳይኛ ግሡ ቀድሞ ተውሳከ ግሡ ይከተለዋል፤ «ዠ ላቭ ቱዡር» ሲሉ ቃል በቃል «እኔ አጥባለሁ ሁልጊዜ» እንደ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ከለመደ ቤት እንግሊዝኛን የምትማር ሠራተኛ «አይ ዎሽ ኦልዌይስ ዘ ግላስስ» ብትል አያስደንቅም፤ የሚገባው ግን «አይ ኦልዌይስ ዎሽ ዘ ግላስስ» ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመሩ። ግሡ የመሆን ግሥ ሲሆን ተውሳከ ግሡ ይከተለዋል፤ «አይ አም ኦልዌይስ ሂር» ማለት «ሁልጊዜ በዚህ ነኝ» ነው። ረዳት ግሥ ሲኖርም ከመጀመሪያው ረዳት ቀጥሎ ይገባል፤ «አይ ሀቭ ኔቨር ሲን ኢት» ማለት «ፈጽሞ አይቼው አላውቅም» ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው የአነጋገር ውበት ብቻ ሳይሆን የሰውን መብትና ስም የሚነካ ነው። በአማርኛ «ፈጽሞ አልወሰድሁትም» ስንል «ፈጽሞ» ራሱ አሉታ አይደለም፤ አሉታው ከግሡ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ኔቨር አሉታውን በራሱ ይዟል። ስለዚህ ዕቃ ጠፋ ተብላ የተጠረጠረች እኅት «አይ ኔቨር ቱክ ኢት» ማለት ይገባታል። አማርኛውን ተከትላ «አይ ኔቨር ዲድንት ቴክ ኢት» ብትል ሁለቱ አሉታዎች ተፋርሰው፥ እንደ ሰዋስው ሕግ፥ «ያልወሰድሁበት ጊዜ የለም» ወደ ማለት ይዞርባታል።

ኦንሊ የተባለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ትርጓሜው «ብቻ» ነው። «ኦንሊ አይ ክሊን ዘ ሃውስ» ማለት «ቤቱን የማጸዳው እኔ ብቻ ነኝ» ነው። «አይ ኦንሊ ክሊን ዘ ሃውስ» ግን «ቤቱን ከማጽዳት በቀር ሌላ ሥራ አልሠራም» ማለት ነው። ቃሉ ተውላጠ ስሙን አንድ ጊዜ ቢሻገር፥ የመጀመሪያው የሥራ ብዛት አቤቱታ የነበረው የሥራ ማነስ ምስክርነት ይሆናል።

በ2019 በጀመረው የሊባኖስ የገንዘብ ቀውስ ምክንያት ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቆሙ። በ2020 ከቤይሩት ወጣ ብሎ በሐዝሚዬ፥ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ፥ ብዙ ሠራተኞች ከነጓዛቸው ተጥለው ታዩ። እንዲህ ያለ መከራ የደረሰባት ሴት ጉዳይዋን ለባዕድ ሰው በእንግሊዝኛ ስታስረዳ ሁለት ቃላት አጥብቃ ልትለይ ይገባታል። «አይ ሀቭ ኦልሬዲ ሪሲቭድ ማይ ሳላሪ» ማለት «ደመወዜን ቀድሞ ተቀብያለሁ» ነው። «አይ ስቲል ሀቭ ኖት ሪሲቭድ ማይ ሳላሪ» ማለት «ደመወዜን ገና አልተቀበልሁም» ነው። ስቲል ከአሉታ ጋር ሲመጣ ከሌሎቹ ተለይቶ ከረዳት ግሡ በፊት እንደ ቆመ ልብ ይሏል።

ለልምምድ የሚከተሉትን አርሙ፤
፩. ሺ ቱዴይ ካምስ።
፪. አይ ኦልዌይስ አም ታየርድ።
፫. ዊ ኔቨር ዶንት ስሊፕ ሂር።
፬. ሂ ስፒክስ ኦፍን አራቢክ።

መልስ፦ ፩. ሺ ካምስ ቱዴይ። ፪. አይ አም ኦልዌይስ ታየርድ። ፫. ዊ ኔቨር ስሊፕ ሂር። ፬. ሂ ኦፍን ስፒክስ አራቢክ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፥ ደንቡን በቃል ከመያዝ ይልቅ አንደበትን ያለምዳል።