የቴርሞስታቱ ሰዓት ለምን ቆመ? ተረትና እውነታ

ባለሰዓት ቴርሞስታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቤት ማሞቂያን በተሰጠው ሰዓት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ነው። ሌሊት ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ቤተሰቡ ከመነሣቱ በፊት መልሶ ይጨምራል። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ አሮጌ ቤት የተከራየ ሰው ከ1980ዎቹ የቀረ፣ ውስጡ የሚሞላ ባትሪ ያለው ዓይነት ዛሬም ሊያጋጥመው ይችላል። ሰዓቱ ሲቆም «አርጅቷል» ተብሎ ይጣላል። ጊዜ ቆጣሪው ራሱ ግን ከስንት አንዴ ነው የሚበላሸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ኃይል የሚያቀብለው ክፍል ነው።

በብዛት የሚወቀሰው ክሪስታሉ ነው። የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት እያካፈለ በየሰከንዱ አንድ ምት ያወጣል። ጤነኛ ክሪስታል የሚያዛንፈው በቀን ቢበዛ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። መሬት የወደቀ ክሪስታል ሊሰበር ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሌሊት የሚቆም ወይም በሰዓታት ወደኋላ የሚቀር ሰዓት ግን ኃይል እያነሰው ነው።

ኃይሉ ከየት ይመጣል? ከማሞቂያው ወደ ቴርሞስታቱ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ የሚይዙትም ከትራንስፎርመር የወጣ 24 ቮልት ነው። ማሞቂያው በጠፋበት ሰዓት ያ ቮልቴጅ በቴርሞስታቱ ሁለት ብሎኖች መካከል ይገኛል። ባትሪው የሚሞላውም ያኔ፣ ማሞቂያውን ለመቀስቀስ በማይበቃ ጥቂት ጅረት ነው። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ ግን ሁለቱ ሽቦዎች ይገናኙና በብሎኖቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ባትሪው ብቻ ነው።

ይህ ከታወቀ ሁለት የተለመዱ እምነቶች ይወድቃሉ። አንደኛው «ቅዝቃዜው ሰዓቱን አቆመው» የሚለው ነው። ቴርሞስታቱ ያለው ሞቃት ቤት ውስጥ ነው፤ ብርዱ አይነካውም። ነገር ግን በከባድ ቅዝቃዜ ሳምንት ማሞቂያው ያለ እረፍት ስለሚሠራ ባትሪው የሚሞላበት ጊዜ ያጥረዋል፤ የደከመ ባትሪ የሚጋለጠውም ያኔ ነው። ሁለተኛው «በበጋ ማሞቂያውን ከብሬከር ማጥፋት ዕቃውን ያቆየዋል» የሚለው ነው። ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ሲጠፋ ባትሪው ለወራት ሳይሞላ ይከርምና ተሟጦ ይሞታል።

ስለዚህ ፍተሻው የሚጀምረው ከቴስተር ነው። ማሞቂያው በጠፋበት ሰዓት ቴስተሩ ተለዋዋጭ ቮልት ላይ ሆኖ ሁለቱን ብሎኖች ሲነካ 24 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ጥፋቱ ቴርሞስታቱ ላይ ሳይሆን ፊውዙ፣ ትራንስፎርመሩ ወይም ሽቦው ላይ ነው። ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ተራው የባትሪው ነው። የኒኬል ካድሚየም ሴል 1.2 ቮልት ስለሚሰጥ ሦስት ሴል ያለው ጥቅል 3.6 አካባቢ ማንበብ ይኖርበታል።

ከባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴማ ዱቄት ሲታይ «አሲድ ፈሷል» ይባልና በቤኪንግ ሶዳ ይታሻል። የፈሰሰው ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። የሚያረክሰው በጥጥ የተነካ አቼቶ ነው፤ ከዚያ ቦርዱ በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል። ፈሳሹ የመዳብ መስመር በልቶ ከሆነ ቀጭን ሽቦ በላዩ ይበየዳል።

«መጠኑ ከገጠመ ማንኛውም ባትሪ ይሠራል» የሚለው ከሁሉም የከፋ ነው። የማይሞላ ተራ አልካላይን ሲገባ ወረዳው ሊሞላው ስለሚሞክር ባትሪው ያፈሳል፤ ሊፈነዳም ይችላል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ የተለየ አሞላል ይፈልጋል። የሚተካው በዚያው ዓይነት ነው።

ቦርዱ ላይ ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም በዓይን ብቻ አይፈረድበትም። ያበጠ በእርግጥ ተበላሽቷል፤ ያላበጠው ግን ውስጡ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ምትኩ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ሆኖ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሳይገለበጥ ይበየዳል።

አንዳንድ ጊዜ የሚጠገን ነገር የለም። አሜሪካ ሰዓት የምትቀይርባቸውን ቀኖች እ.ኤ.አ. በ2007 ስላሸጋሸገች፣ የድሮዎቹን ቀኖች በውስጡ የያዘ ቴርሞስታት በጸደይ ለሳምንታት አንድ ሰዓት ይዛነፋል። ለዚህ ብየዳ አይረዳም፤ ሰዓቱ በእጅ ይስተካከላል። ጊዜን ከመብራት ኃይል ድግግሞሽ የሚቆጥሩ ሰዓቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የአውሮፓ አህጉር መረብ ድግግሞሽ ከ50 ኸርዝ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ በመቆየቱ እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይተው ነበር። መንስኤው ከኮሶቮና ሰርቢያ ውዝግብ ጋር የተያያዘ የኃይል ጉድለት ነበር። በዚሁ ሕግ ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተሠራ ባለሞተር ሰዓት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ቮልቴጁ ቢስተካከልለት እንኳ፣ በ50 ኸርዝ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይዘገያል።

«ሽቦው ቀጭን ስለሆነ አይነዝርም» የሚለው ለ24 ቮልቱ ብቻ እውነት ነው። በግድግዳ ግርጌ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ማሞቂያን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት 240 ቮልት ሊይዝ ስለሚችል፣ ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት ብሬከሩ መውረድ አለበት። በአሮጌዎቹ ውስጥ ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ባዜቃ የያዘች የመስታወት ብልቃጥ ልትኖር ትችላለች። እሷ ከተሰበረች ጉዳዩ የሰዓት ጥገና መሆኑ ይቀራል።

አዲሱ ባትሪ ገብቶ ሰዓቱ ወዲያው ሳይነሣ ሲቀር «አልሠራም» ተብሎ ዕቃው የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው። አዲስ ሴል ብዙ ጊዜ ባዶውን ይገዛል፤ የሚሞላበት ጅረትም ጥቂት ነው። ስለዚህ የማሞቂያው ኃይል እንደበራ፣ ሙቀቱ ግን ዝቅ ተደርጎ ማሞቂያው እንዳይነሣ ሆኖ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ ሰዓቱም የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው።