ከሥራ ጋር የተያያዘ አስምን በወቅቱ መለየት፦ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ፋይዳና የታካሚው ድርሻ

አስም በሕክምና ክትትል ሊቆጣጠሩት የሚቻል የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙን የቀሰቀሰው ታካሚው በየዕለቱ በሥራ ቦታው የሚተነፍሰው ብናኝ ወይም ጋዝ በሚሆንበት ጊዜ መድኃኒት ብቻውን በቂ መፍትሔ አይሆንም። መንስኤው እስካልታወቀ ድረስ ሠራተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ ሕመሙን ወደሚያባብሰው ስፍራ ይመላለሳል። ስለሆነም በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎች ከሥራ ጋር የተያያዘ አስምን ለይተው እንዲያውቁ ማሠልጠን የሠራተኛውን ጤናም ሆነ የእንጀራ ገመዱን የሚመለከት ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሥልጠናውን ይዘት፣ ተገልጋዮች ለምርመራው ሊያደርጉት የሚገባውን ዝግጅትና በሕግ የተጠበቀላቸውን መብት ያብራራል።

ከሥራ ጋር የተያያዘ አስም ምንድን ነው?

ሕመሙ በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይታያል። የመጀመሪያው ቀደም ሲል አስም ያልነበረበት ሰው በሥራ ቦታ ባለ ነገር ምክንያት የሚይዘው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀድሞ የነበረ አስም በሥራ ቦታ ሁኔታ ሲባባስ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተደረጉ ጥናቶች ግምት መሠረት በአዋቂነት ዕድሜ ከሚጀምሩ የአስም ሕመሞች ውስጥ ከስድስቱ አንዱ ያህል ከሥራ ጋር ግንኙነት አለው።

በአገራችን ሰፊ የሰው ኃይል የተሰማራባቸው በርካታ የሥራ ዘርፎች ለዚህ ሕመም ሊያጋልጡ ይችላሉ። የዱቄት ፋብሪካና የዳቦ መጋገሪያ፣ የእንጨት ሥራ፣ የቡና ማበጠሪያና መልቀሚያ፣ የአበባ እርሻ፣ የፎም ማምረቻ፣ በጋራዥ የመኪና ቀለም መርጨት፣ የፀጉር ማስዋብ ሥራ፣ እንዲሁም በረኪናና ሌሎች ጠንካራ ኬሚካሎችን በመጠቀም የሚከናወን የጽዳት ሥራ ተጠቃሽ ናቸው።

ልዩ ሥልጠና ለምን አስፈለገ?

በአለርጂ መንገድ የሚመጣው ዓይነት ሠራተኛው ሥራ እንደጀመረ ላይታይ ይችላል። ሰውነት ለዱቄቱ ወይም ለኬሚካሉ ተቆጪ እስኪሆን ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ለምሳሌ ያህል፣ በዱቄት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ለሦስት ዓመታት ያለ ምንም ችግር የሠራች ሴት ብናስብ፣ በአራተኛው ዓመት የሚጀምራትን ማስነጠስና ሳል ከለመደችው ሥራ ጋር ላታያይዘው ትችላለች። ከዚህም በላይ ሳሉ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሥራ ሰዓት በኋላ ማታ ቤት ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ምክንያቱ ብርድ ወይም የማጀት ጭስ ነው ብላ ታስባለች። ባለሙያውም ሥራዋን ካልጠየቃት የሚነፋ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛታል፤ እርሷም በማግስቱ ወደዚያው ክፍል ትመለሳለች።

የሠራተኞች ሕክምና አባት ተብሎ የሚታወቀው ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪሞች ከተለመዱት ጥያቄዎች በተጨማሪ የታካሚውን ሥራ እንዲጠይቁ መክሯል። ይህ ምክር ዛሬም የሥልጠናው መነሻ ነው።

ሥልጠናው የሚያተኩርባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው የሥራ ታሪክን በአግባቡ መቀበል ነው። የሥራ መደቡን ስም ብቻ መመዝገብ በቂ አይደለም። ሠራተኛው በእጁ ምን እንደሚነካ፣ አጠገቡ ምን እንደሚሠራ፣ ክፍሉ አየር እንደሚያገኝ፣ አዲስ ዕቃ ወይም ኬሚካል መቼ እንደገባና ሌሎች የሥራ ባልደረቦች ተመሳሳይ ሕመም እንዳላቸው መጠየቅ ይገባል። ከሁሉም በላይ ቁልፉ ጥያቄ፦ በዕረፍት ቀናት ወይም በዓመት ፈቃድ ወቅት ይሻልዎታል? የሚለው ነው። መልሱ “አዎ” ከሆነ ምርመራው መቀጠል አለበት፤ ሆኖም መልሱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ሁለተኛው አስም መኖሩን በልኬት ማረጋገጥ ነው። ስፓይሮሜትሪ የተባለው የትንፋሽ መለኪያ፣ የአየር ቧንቧው መጥበቡንና መድኃኒት ሲሰጥ መከፈቱን ያሳያል። ከሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት ለማየት ደግሞ ፒክ ፍሎው ሜትር የተባለው አነስተኛ መሣሪያ ያገለግላል። ታካሚው በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ሦስት ጊዜ ነፍቶ ከፍተኛውን ቁጥር ይመዘግባል። መዝገቡ የሥራ ቀናትንም የዕረፍት ቀናትንም አካትቶ ቢያንስ ለሁለት፣ ቢቻል ለአራት ሳምንታት ሲያዝ፣ ትንፋሹ መቼ እንደሚወርድና መቼ እንደሚያገግም በግልጽ ይታያል።

ሦስተኛው ከተመሳሳይ ሕመሞች መለየት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው በቅድሚያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። በጥጥ መዳመጫና በፈትል ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚታየው የጥጥ ብናኝ ሕመምም ከአስም ጋር ሊምታታ ይችላል፤ ይህኛው ግን በተለይ በጅምሩ ከዕረፍት መልስ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ደረትን በመያዝ ይታወቃል።

አራተኛው ተገቢ ምክር መስጠት ነው። ምርመራው ሳይጠናቀቅ ሠራተኛው ሥራውን እንዲለቅ ቢመከር፣ ግንኙነቱን በልኬት ማሳየት አስቸጋሪ ይሆናል፤ መብቱን ለማስከበርም ማስረጃ ያጣል። በአንጻሩ ሕመሙ የጠና ከሆነ ለሕይወት አስጊ ስለሚሆን ከሥራው መራቁ ቅድሚያ ያገኛል። ይህን ሚዛን መጠበቅ የሠለጠነ ባለሙያን ውሳኔ ይጠይቃል።

ታካሚው ምን ማድረግ ይችላል?

ትንፋሽ ማጠር፣ ሲር ሲር የሚል የደረት ድምፅ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የማይተው ደረቅ ሳል ያለው ሠራተኛ የሚከተሉትን እንዲያከናውን ይመከራል፦

- ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚብስ በማስታወሻ መያዝ። ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን ማሳከክ ከአስሙ ቀድመው ሊመጡ ስለሚችሉ እነርሱንም መመዝገብ።
- የሚሠራባቸውን ዕቃዎችና ኬሚካሎች ስም፣ ከተቻለም የማሸጊያውን ጽሑፍ ፎቶግራፍ ይዞ መቅረብ።
- ባለሙያው ባይጠይቅም ሥራውን በዝርዝር መናገር።
- የታዘዘ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ አለማቋረጥ፤ ሥራንም ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ አለመልቀቅ።
- መናገር እስኪያቅት ድረስ ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ።

በሕግ የተጠበቁ መብቶች

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ ላይ ጉዳቶች እንደ አንዱ ይቆጥረዋል። አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ለሚቀጠሩና በአደገኛ ሥራ ለተሰማሩ ሠራተኞች በራሱ ወጪ የሕክምና ምርመራ የማስደረግ ግዴታ አለበት። በሥራ ምክንያት ለታመመ ሠራተኛም የሕክምና ወጪውን ይሸፍናል። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ሲያቅተው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በተከታዮቹ ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ያገኛል። የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ በራሳቸው ሕግ ይመራል።

እነዚህ መብቶች በተግባር የሚውሉት ሕመሙ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት በሕክምና ማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። በካርዱ ላይ “አስም” ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ሠራተኛው መድኃኒቱን በራሱ ገንዘብ ከመግዛት ያለፈ ድጋፍ ላያገኝ ይችላል። ስለሆነም የምርመራ ውጤትን በጽሑፍ መጠየቅና ቅጂውን ማስቀመጥ፣ ለአሠሪው ሳይዘገዩ ማሳወቅ፣ አለመግባባት ሲፈጠርም በአካባቢው የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል ማመልከት ይገባል።

በሥራ ቦታ አለርጂ ምክንያት በሚመጣ አስም የተያዙ ሰዎች የማገገም ዕድላቸው ከፍ የሚለው ሕመሙ ቀድሞ ሲታወቅና ከመንስኤው በጊዜ ሲርቁ ነው። የአንድ ሠራተኛ ምርመራ ለባልደረቦቹም ይጠቅማል። መንስኤው ሲታወቅ አሠሪው ኬሚካሉን ለመለወጥ፣ ብናኙን ከምንጩ ለመሳብ ወይም ክፍሉን አየር እንዲያገኝ ለማድረግ ይችላል፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እነዚህን እርምጃዎች የሚደግፍ እንጂ የሚተካ አይደለም። በመሆኑም ባለሙያው ስለ ሥራ እንዲጠይቅ፣ ታካሚውም ሳይጠየቅ እንዲናገር ይመከራል።