ሶላርና የቆርቆሮ ጣራ በያዮ

የቤት ሶላር አራት ዋና ክፍሎች አሉት፤ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፓኔል፣ ኃይሉን መጥኖ የሚያስገባው ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ባትሪውና የቤቱ መስመር። በ220 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ካለ ኢንቨርተር ይጨመራል። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ዋቱና ስለ ባትሪው ነው። በያዮ ግን ከሁለቱም በፊት መመርመር ያለበት ፓኔሉ የሚወጣበት ጣራ ነው።

ምክንያቱ ዝናቡ ነው። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ያዮ የምትታወቀው በጫካ ቡናዋ ሲሆን፣ ደኑን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ለዚህ ደን ሕይወት የሆነው ዝናብ በዓመት በአማካይ 2,100 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ የአዲስ አበባን እጥፍ የሚጠጋ ነው። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ ነው። እርጥበት ሳይደርቅ በሚከርምበት ቦታ፣ ማለትም በምስማር ቀዳዳዎች፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሚደራረብበትና ቅጠል በሚጠራቀምበት፣ ዚንኩ ቀድሞ ያልቃል። የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በርካሽነቱ የሚመረጠው ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28ቱ ቀድሞ ይበሳሳል።

ጥሩ ፓኔል 25 ዓመት ያገለግላል። ባረጀ ጣራ ላይ ከተሰቀለ ጣራው ቀድሞት ያልቅና ፓኔሉን፣ ማሰሪያ ብረቱንና ሽቦውን ሁሉ ፈቶ እንደገና መስቀል ግድ ይሆናል። በብርዱ ወራት በረዶ በሚከመርባቸው አገሮችም ያለው ችግር ይኸው ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሚኒሶታና በቶሮንቶ የተለመደው የአስፋልት ሺንግል ጣራ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ጣራ ያለው ሰው አስቀድሞ ጣራውን እንዲያስቀይር ይመከራል። እዚያ ጣራው የበረዶውን ክብደት ከፓኔሉ ጋር መሸከም አለበት። በያዮ የሚያሰጋው ክብደቱ ሳይሆን ፍሳሹና ከሥር የሚያነሳው ነፋስ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮት ዘግቶ ከውስጥ ወደ ላይ ሲታይ የበሳ ቆርቆሮ በብርሃን ነጠብጣብ ራሱን ያሳያል። ቀጥሎ እንጨቱ ይታያል፤ ምስጥ የበላው ወይም በፍሳሽ የበሰበሰ ሞራሌ ፓኔል አይሸከምም። የሣር ክዳን ደግሞ ማሰሪያ የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ እንዲህ ባለ ቤት ፓኔሉ በግቢው ውስጥ በቆመ ምሰሶ ላይ ቢሰቀል ይሻላል።

ማሰሪያው የሚበሳው ከሥሩ ሞራሌ ባለበት መሥመር ላይ ነው፤ ቆርቆሮውን ብቻ ከያዘ ነፋስ ነቅሎት ይሄዳል። ውኃ የሚወርደው በቆርቆሮው ቦይ ስለሆነ ብሎኑ በጉብታው ላይ ይገባል፤ ከሥሩም ጎማ ይደረግለታል። ሲበሳ የሚረግፈው የብረት ብናኝ በዕለቱ ካልተጠረገ ዝገቱ ወደ ጣራው ይዛመታል። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ቅጠልና ውኃ ሳይታገድ ያልፋል፣ ፓኔሉም ይቀዘቅዛል። የሲሊከን ፓኔል ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። 60 ዲግሪ ከደረሰ 14 በመቶው ጠፋ ማለት ነው።

አቅጣጫውን በተመለከተ ያዮ ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኗ ይረዳል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ፓኔል ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ተዳፋቱም ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ይበቃል። ከአቅጣጫው ይልቅ የሚጎዳው ጥላ ነው። የፓኔሉ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንድ ቅርንጫፍ ጥቂቶቹን ቢጋርድ የሚጠፋው ኃይል ከተጋረደው ስፋት እጅግ ይበልጣል። ቡናው ግን ያለ ዋንዛና ሰሳ ጥላ አይሆንለትም፤ ለፓኔል ሲባል ዛፍ መቁረጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ገላጣ ቦታ ፈልጎ በምሰሶ መስቀል ይቻላል።

መጠኑ የሚሰላው በበጋው ሳይሆን በክረምቱ ነው። አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔል በደመናማ የሐምሌ ቀን የሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ያህል ቢያገኝ 250 ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ በሽቦና በባትሪ የሚባክነው ሩብ ያህል ሲቀነስ ከ190 በታች ይቀራል። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት 100ውን ይወስዳሉ፤ ሁለት ስልክ 25 ያህል። የቀረው ለባለ 30 ዋት ቴሌቪዥን ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል።

ቤት ለቤት የሚተከል ሶላር በኢትዮጵያ ሰፊ ድርሻ ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ባለ ኃይል ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ በደን ውስጥ ተበታትነው ለሚገኙ ቤቶች ዋናው ተስፋም ይኸው ነው።

ሶላር ያለበት ጣራ መቀየር ሲኖርበት መጀመሪያ ፓኔሉ ከኮንትሮለሩ ይለያል፣ ባትሪው ከዚያ በኋላ ይነቀላል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል። ፓኔል ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ ይወርዳል። አዲሱ ቆርቆሮ ከመመታቱ በፊት የሞራሌዎቹ መሥመር ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ማሰሪያዎቹ የሚበሱት በዚያ ምልክት ነው። ሥራው ለበጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ላሉት ደረቅ ወራት ይቀጠራል።