የተማሪ ፈጠራ ስፖንሰር ምን ይገዛል?

አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ያቀናው ሄመን በቀለ የ3ኤም ኩባንያን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር ሲያሸንፍ 14 ዓመቱ ነበር። ይዞ የቀረበው የቆዳ ካንሰርን ለማከም የታሰበ ሳሙና ነው። ሽልማቱ 25 ሺህ ዶላር፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023። ሐሳቡ የመነጨው ኢትዮጵያ ሳለ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲሠሩ ካያቸው ሰዎች እንደሆነ ስለተናገረ ወሬው እኛም ዘንድ ደርሶ ብዙ ሰው ኮራበት። በዓመቱ ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ መረጠው። ስለ ልጁ ብዙ ተብሏል፤ የዛሬው ጽሑፍ ስለ ከፋዩ ነው።

3ኤም በዚያው በ2023 ሌሎች ሁለት ክፍያዎችንም ለመፈጸም ተስማምቶ ነበር። አንደኛው የአሜሪካ የመጠጥ ውኃ አቅራቢዎች “ፒፋስ” በሚባሉት ኬሚካሎች ብክለት ለመሠረቱበት ክስ ነው፤ 10.3 ቢሊዮን ዶላር፣ በ13 ዓመታት የሚከፈል። ሁለተኛው ለወታደሮች ከተሸጠ የጆሮ መከላከያ ጋር የተያያዘ ሲሆን 6 ቢሊዮን ዶላር ነው። በሁለቱም ጥፋተኛ ነኝ አላለም። የውኃው ገንዘብ ብቻ የሄመንን ዓይነት ሽልማት 412 ሺህ ጊዜ ይከፍላል።

ውድድሩ የክሱ መጋረጃ ነው ማለቴ አይደለም፤ ኩባንያው ከዲስከቨሪ ኤዱኬሽን ጋር ሆኖ ውድድሩን የያዘው ከ2008 ጀምሮ ነው። ትኩረቴ ዋጋው ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስሙ ከተበከለ ውኃ ጋር ሲነሳ የከረመ ድርጅት፣ በአንድ መለስተኛ መኪና ዋጋ ስሙን ከአንድ ጎበዝ ልጅ ጋር ማስነሳት ቻለ። የውድድሩ ጠቅላላ ወጪ ከሽልማቱ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። ቢሆንም የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ የሆነ ሰው ከዚህ የረከሰ ነገር በቀላሉ አያገኝም።

የርካሽነቱ ምንጭ ውድድር የሚባለው አሠራር ራሱ ነው። ኤድዋርድ ላዚርና ሸርዊን ሮዘን የተባሉት ኢኮኖሚስቶች በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ክፍያ በደረጃ ሲሆን ለአንደኛው የተቀመጠው ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከሥር ያሉትን ሁሉ ያተጋል። እነሱ የጻፉት ስለ መሥሪያ ቤት ዕድገትና ደመወዝ ነበር፤ ለፈጠራ ውድድርም ግን ልክክ ይላል። መቶ ልጆች ወራት ሲሞክሩ ከርመው ዋናው ሽልማት የሚደርሰው ለአንዱ ነው፤ የ99ኙን ድካም ስፖንሰሩ በነፃ ያገኘዋል። ልጆቹ የተማሩት ለራሳቸው ስለሚቀር ይህን ብዝበዛ የሚለው የለም፤ እኔም አልለውም። ስፖንሰሩን ለምን እንደሚጥመው ግን ከዚህ ይገባናል።

በ3ኤም ውድድር የምወደው ሌላ ነገር አለ። ለመጨረሻው ዙር የሚደርሱት አሥር ልጆች እያንዳንዳቸው የኩባንያው ሳይንቲስት ይመደብላቸዋል፤ በእረፍቱ ወራት አብረው እየተመካከሩ ወረቀት ላይ የነበረውን ሐሳብ ወደ ናሙና ይለውጡታል። ለሄመን የተመደበችለት የምርት ምህንድስና ባለሙያ ነበረች። የዚህ ባለሙያ ሰዓት በቼኩ ላይ አይጻፍም፤ ለልጁ የሚተርፈው ግን ይኸው ይመስለኛል። ሳሙናው ገና ብዙ ዓመት የሚፈጅ ምርምር ይጠብቀዋል፤ ልጁ ሥራውን የቀጠለውም በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

ከስፖንሰሩ ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት ነው። ዋናው የኢኮኖሚ ጥያቄም እዚህ ላይ ይነሳል፦ የተማሪ ተሰጥኦ ላይ ገንዘብ ያወጣ ድርጅት ፍሬውን የሚለቅመው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1942 የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹ ዌስቲንግሃውስ፣ ሳይንስ ሰርቪስ ከተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ጋር ሆኖ “የሳይንስ ተሰጥኦ ፍለጋ” የተባለውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ጀመረ። በ1976 ለፍጻሜ ከደረሱት አንዱ የግሪክ ስደተኞች ልጅ የሆነው ጆርጅ ያንኮፖሎስ ነበር። ልጁ አድጎ ዌስቲንግሃውስ አልገባም፤ ተርባይን ሲያሻሽልም አልታየም። በ1988 የተመሠረተውን ሪጄኔሮን የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ከሊዮናርድ ሽላይፈር ጋር ሆኖ ታላቅ አደረገ። ዌስቲንግሃውስ ደግሞ በ1995 ሲቢኤስ የተባለውን የቴሌቪዥን ኩባንያ ገዛ፤ በ1997 ስሙን ሳይቀር ወደ ሲቢኤስ ቀየረ። ዘሪውና አጫጁ እንዲህ ተለያዩ።

ውጫዊ ጥቅም የሚባለው ይኸው ነው። ከፋዩ ወጪውን ሙሉ ይሸከማል፤ ጥቅሙ ግን በአገር ላይ ይበተናል፤ ከፊሉም ተፎካካሪ ቤት ይገባል። ስለዚህ ማንም ኩባንያ በዚህ ሥራ ላይ አገር የሚያስፈልጋትን ያህል አያወጣም። የሚያወጣው ስሙ በሚያስገኝለት መጠን ብቻ ነው። ስፖንሰርሺፕ ሁሌም ከሚፈለገው ያንሳል የሚለው ቅሬታ መነሻው የሰዎች ስስት ሳይሆን ይህ ሒሳብ ነው፤ በስብሰባ ላይ “የግሉ ዘርፍ ኃላፊነቱን ይወጣ” ብሎ መምከርም አይለውጠውም።

ከዚህ ሒሳብ ማምለጫ ያገኙ ኩባንያዎች አሉ። ጋሪ ቤከር በ1964 ባሳተመው መጽሐፉ ሥልጠናን ለሁለት ከፍሎ ነበር፦ የትም ቦታ የሚያሠራ አጠቃላይ ችሎታ፣ እና እዚያው ድርጅት ውስጥ ብቻ ዋጋ ያለው ልዩ ችሎታ። ድርጅት ለሁለተኛው በደስታ ይከፍላል፤ ለመጀመሪያው ግን እጁ ያጥራል። የእኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የሚሳተፉበትን የሁዋዌ የአይሲቲ ውድድር በዚህ ዓይን እዩት። ልጆቹ ኔትወርክና ክላውድ ይማራሉ፤ ጠቃሚ ነው። የሚማሩት ግን በሁዋዌ ኮርሶችና በሁዋዌ መሣሪያዎች ላይ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ግንባታ ትልቅ ድርሻ ያለው ኩባንያ መሣሪያውን የሚያውቅ መሐንዲስ ሲበዛለት ገበያው ይጸናለታል፤ ወጪው ይመለስለታል። ነውር የለበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለው መድረክ የራስን አዲስ መሣሪያ ይዞ ከሚቀርብበት የፈጠራ ውድድር ጋር በአንድ ሚዛን ባይቀመጥ ይሻላል፤ ሪፖርት ላይ ሁለቱም “የወጣቶች ፈጠራን መደገፍ” ተብለው ሲደመሩ አያለሁ።

ሌሎቹ ስም ገዢዎች ናቸው። ስም ገዢ ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል። ኢንቴል ከ1998 ጀምሮ የዌስቲንግሃውስን ቦታ ይዞ ነበር፤ በ2015 በቃኝ አለ። ወጪው በዓመት 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የኩባንያው የ2014 ገቢ ከ55 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለነበር ይህ ከመቶ ብር ላይ አንድ ሳንቲም ማለት ነው። አንድ ሳንቲሙ ከብዶት እንዳልሄደ ግልጽ ነው። ስሙን ሌላ ቦታ ቢያውለው የበለጠ እንደሚያገኝበት አስቦ ይሆናል። ሲመንስም የራሱን የተማሪዎች ውድድር ከ1999 እስከ 2017 አካሂዶ ዘጋው። ጉግል በ2011 በዓለም ዙሪያ ላሉ ተማሪዎች የከፈተው የሳይንስ ውድድር እንዲሁ ዓመታት ዘልቆ ቆመ።

ልዩነቱን ተመልከቱ። የሲመንስና የጉግል ውድድሮች የኩባንያዎቹ ንብረት ስለነበሩ ኩባንያዎቹ ሲሰለቹ አብረው ጠፉ። “የተሰጥኦ ፍለጋው” ግን ባለቤቱ ሌላ ነው፤ የቀድሞው ሳይንስ ሰርቪስ፣ የዛሬው ሶሳይቲ ፎር ሳይንስ። ኩባንያዎቹ የሚከራዩት ስሙን ብቻ ነው። ኢንቴል መውጣቱን አስቀድሞ ስላሳወቀ ባለቤቱ ስሙን ለአዲስ ተከራይ አቀረበ፤ ከ2017 ጀምሮም በ10 ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር እከፍላለሁ ብሎ የገባው ያ የያንኮፖሎስ ሪጄኔሮን ሆነ። የአንደኛው ሽልማት 250 ሺህ ዶላር ደረሰ። ከዚያ ይልቅ ዓይኔን የሳበው ከታች ያለው አከፋፈል ነው፦ ለተመረጡ 300 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው 2 ሺህ ዶላር፣ ለየትምህርት ቤታቸውም ሌላ 2 ሺህ። የ99ኙን የነፃ ድካም በመጠኑም ቢሆን የሚክስ፣ ለሚመጣው ዓመት ተወዳዳሪም ቤተ ሙከራ የሚያቆይ አከፋፈል ነው።

የእኛን ቤት ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ሩቅ ይመስል ይሆናል። የስፖንሰርሺፕ ፕሮፖዛል አይተን እናውቃለን፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ፕላቲኒየም፣ ጎልድ፣ ሲልቨር የሚል ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዡ ውስጥ የሎጎው መጠን፣ በባነሩ ላይ ያለው ቦታ፣ የሥራ አስኪያጁ የንግግር ደቂቃ ሳይቀር ተሰልቷል። ልጆቹ ስንት ወር፣ በማን ድጋፍ፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠሩ የሚናገር መስመር ግን የለም። የተሸጠው አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ትልቅ የካርቶን ቼክ ነው።

ሕጉም ወደዚያው ይገፋል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ልገሳ ተቀናሽ እንዲሆን የፈቀደው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ፣ ያውም ሕጉ ለሚያውቃቸው ተቀባዮችና ዓላማዎች ነው። ማስታወቂያ ግን የንግድ ወጪ ነው። ለሒሳብ ሹሙ ባነር ላይ የወጣ ሎጎ ከደረሰኝ ጋር ሲመጣለት ይቀለዋል፤ ለአንድ ትምህርት ቤት የተገዛ የብየዳ መሣሪያና ሴንሰር ግን ጥያቄ ያስነሳበታል። በዚያ ላይ በጀቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሰኔ ላይ የተሸለመ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ቢመጣ የሚያውቀው የበጀት መደብ የለም።

ሽልማቱ በብር መሆኑም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። አርዱዊኖ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም ባትሪውም ሴንሰሩም የሚመጡት ከውጭ ነው። ከዓመት በፊት የተቆረጠ የሽልማት ብር ግማሽ ያህል ዕቃ ብቻ መግዛት ጀመረ። ስፖንሰሩ በአስመጪነት ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ከሆነ ከገንዘቡ ይልቅ ዕቃውን ቢሰጥ ለሁለቱም ይበጃል።

ፓተንትም ቸል የሚባል አይደለም። በአውሮፓ ፈጠራህን መድረክ ላይ ካሳየህ በኋላ ማመልከት በመሠረቱ አይቻልም፤ አሜሪካ አንድ ዓመት ትታገሳለች። ልጁን ካሜራ ፊት ከማቆም በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ደጅ ይዞት የሚሄድ ሰው መቅጠር ለአንድ ባንክ ስንት ያስወጣዋል? ከመድረኩ ማስጌጫ እንደማይበልጥ እወራረዳለሁ።

ባለቤትና ተከራይን መለየት ለእኛም የሚሠራ ይመስለኛል። ባንኮቻችን የሚሻሙት አንድ ዓይነት የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። አንዱ ባንክ ያስተማረውን ሌላው ስለሚወስድበት ማንም ብቻውን ገፍቶ አይከፍልም፤ ሁሉም አብረው ቢከፍሉ ግን ልጁ የትኛውም ባንክ ቢገባ ጥቅሙ ከመካከላቸው አይወጣም። ይህን አያውቁትም እንዳይባል፣ የኤቲኤም ካርድ በሁሉም ማሽን እንዲሠራ ሲፈልጉ በ2003 ዓ.ም. ተጋርተው ኢትስዊችን አቋቁመዋል። ለተማሪዎች ውድድርም የአምስት ዓመት ውል፣ ለመውጣት የአንድ ዓመት ቅድመ ማስታወቂያ፣ እና የየትኛውም ባንክ ንብረት ያልሆነ አዘጋጅ ቢኖር ሥራው ይጀመራል። የሚያጨቃጭቀው የማን ሎጎ ይቅደም የሚለው ነው፤ እሱም በፊደል ተራ ይደርደር።